ሚያዛኪ በ29 ዓመቱ ጀመረ፤ እኔስ የባንክ ሥራዬን ልልቀቅ?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦

«28 ዓመቴ ነው። በአካውንቲንግ ተመርቄ አዲስ አበባ ውስጥ ባንክ እሠራለሁ። ያደግኩት ሰፈራችን ፕሌይስቴሽን ቤት ነው ማለት ይቻላል። ባለፈው ዓመት ኤልደን ሪንግ የተባለውን የጃፓን ጌም ተጫውቼ ጨረስኩ። ከዚያ ወዲህ ስለ ዳይሬክተሩ ስለ ሂዴታካ ሚያዛኪ ያላነበብኩት የለም። እሱም እንደኔ የቢሮ ሠራተኛ ነበር። በ29 ዓመቱ ሥራውን ለቆ፣ ምንም ሳያውቅ ጌም መሥራት ጀመረ። አሁን ጌሙን የሠራው የፍሮም ሶፍትዌር ካምፓኒ ፕሬዚዳንት ነው። እኔ ኮዲንግ አልችልም፤ ታሪክ ግን እጽፋለሁ። ለጌም የሚሆን 300 ገጽ ጽፌ ጨርሻለሁ። ሦስት ነገር ልጠይቅዎት። ሥራዬን ልልቀቅ? ጽሑፉን አስተርጉሜ ለካምፓኒው ልላክ? ወይስ ጃፓን ሄጄ ልማር?»

ሥራህን አትልቀቅ። ጽሑፉንም አትላክ። ጃፓን መሄድ ይቻላል፤ ግን ተራው ገና ነው። ለምን ካልከኝ፣ መልሱ ያለው እዚያው አንተ በወደድከው ሰውዬ ታሪክ ውስጥ ነው። ያነበብከው ውሸት አይደለም። ተቆርጦ የቀረ ክፍል ግን አለው፤ ለአንተ የሚጠቅምህም እሱ ነው።

አንተ አላምታታህም፤ ለሌላው አንባቢ ስል አንድ ነገር ላጥራ። ይህ ሚያዛኪ የአኒሜሽን ፊልሞች ባለቤት ሃያዎ ሚያዛኪ አይደለም። ዝምድናም የላቸውም።

ሂዴታካ ሚያዛኪ ያደገው ከቶኪዮ ደቡብ ምዕራብ በምትገኘው ሺዙኦካ ነው። ቤተሰቡ በጣም ድሃ ነበር። መጽሐፍ የሚገዛለት ስላልነበረ ከቤተ መጻሕፍት ይዋሳል። የሚዋሳቸው መጻሕፍት ደግሞ ከዕድሜው በላይ ናቸው። ብዙው አይገባውም። ታዲያ ያልገባውን ዘሎ አያልፍም። ሥዕሎቹን እያየ የጎደለውን ከራሱ ይሞላል። ይህቺን ነገር ያዝልኝ፤ በኋላ እንመለስባታለን።

አድጎ ኬዮ ዩኒቨርሲቲ ገባና ሶሻል ሳይንስ ተማረ። ከዚያ ኦራክል በተባለው የአሜሪካ ሶፍትዌር ኩባንያ ተቀጠረ። ሥራውን ከያዘበት ምክንያት አንዱ የታናሽ እህቱን የኮሌጅ ክፍያ መሸፈን ነበር። ወዳጁ ኢኮ የሚባለውን የፉሚቶ ኡዌዳን ጌም እንዲሞክር የገፋፋው በዚህ ጊዜ ነው። ኢኮ በ2001 የወጣ ጨዋታ ነው (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ቀንድ ያለው ልጅ አንዲትን ልጅ እጇን ይዞ ከግንብ ሊያወጣት ይሞክራል። ንግግር የለውም ማለት ይቻላል። እጇን የምትይዝበትን ቁልፍ ስትለቅ እጇን ትለቃለህ፤ በቃ። ሚያዛኪ ጌም እንዲህ ያለ ነገር መሥራት እንደሚችል የገባው ያኔ ነው።

29 ዓመቱ ነበር። በዚያ ዕድሜ ልምድ የሌለውን ሰው የሚቀበል ድርጅት ብዙ አልነበረም። ፍሮም ሶፍትዌር ተቀበለው። ዓመቱ 2004 ነው። ደመወዙ ከቀድሞው ያነሰ ነበር፤ እሱም እያወቀ ገባበት።

እዚህ ላይ ቆም በል። ሚያዛኪ የሄደው ከደመወዝ ወደ አነስተኛ ደመወዝ ነው። የሄደውም በራሱ አገር፣ በራሱ ቋንቋ፣ የጌም ድርጅቶች በሞሉባት አገር ውስጥ ነው። አንተ ነገ ብትለቅ የምትሄደው ከደመወዝ ወደ ባዶ ነው። ሁለቱ አንድ ዓይነት ድፍረት አይደሉም። የዕድሜያችሁ መመሳሰል ይህን ልዩነት እንዳይሸፍንብህ።

ሁለተኛው የተቆረጠ ክፍል ደግሞ የገባበት ወንበር ነው። ሚያዛኪ የገባው ጸሐፊ ሆኖ አይደለም። ፕላነር ሆኖ ነው። ጃፓኖች ፕላነር የሚሉት የጨዋታውን ሕግ በጽሑፍ የሚያስቀምጠውን ሰው ነው። ጠላት ስንት ሜትር ላይ ስትደርስ ያይሃል? በሩ በምን ይከፈታል? ሰይፉ ስንት ይመዝናል? ከባድ ሰይፍ የያዘ ሰው ሲንከባለል ምን ያህል ይዘገያል? ይህ ሁሉ በሠንጠረዥና በዝርዝር ይጻፋል። ፕሮግራመሩም፣ ሠዓሊውም፣ ድምፅ የሚሠራውም ያንን ይዘው ነው የሚሠሩት።

የመጀመሪያ ሥራው በ2005 የወጣው አርመርድ ኮር ላስት ሬቨን ነው። ትልልቅ ሮቦት ከክፍል ክፍል እየገጣጠምክ የምትዋጋበት ጨዋታ ነው። ክንዱ ሲከብድ እግሩ አይችለውም። ሞተሩ ሲበረታ ኃይል ይጨርሳል። በዚህ ተከታታይ ውስጥ የተኮስከው ጥይትና የተበላሸብህ አካል ጥገና ከተልእኮው ክፍያ ላይ ይቀነሳል። ብታሸንፍም ኪሳራ ልትወጣ ትችላለህ። ባንክ ለሚሠራ ሰው ይህን ማስረዳት አይጠበቅብኝም። ገቢና ወጪ ነው። እንዲያውም እዚህ ላይ ከብዙ ጸሐፊ ነኝ ባይ የተሻለ ስንቅ አለህ፤ ኤክሴል ላይ ቁጥር ሲንቀሳቀስ ሌላው ምን እንደሚሆን ማየት ለምደሃል። ይህን ችሎታህን ጥያቄህ ውስጥ እንኳ ሳትጠቅሰው ማለፍህ ቆጭቶኛል።

ከዚያ በ2006 አርመርድ ኮር 4ን፣ በ2008 ደግሞ ተከታዩን ፎር አንሰርን በዳይሬክተርነት ሠራ። በሁለት ዓመት ዳይሬክተር መሆን ፈጣን ነው፤ አልክድም። ግን ሮቦት ነበር የተሰጠው። ዓለም ያወቀለትን የተረት ዓለም ያኔ ማንም አምጥቶ አልሰጠውም።

ያንን ዓለም ያገኘው ሌላው ከሸሸው ቦታ ነው። ድርጅቱ ውስጥ አንድ የፋንታሲ ጨዋታ ተጀምሮ ተበላሽቶ ነበር። ቡድኑ «ይህ ነው» የሚባል ሙከራ እንኳ ማቅረብ አልቻለም። ሚያዛኪ ይህን ሲሰማ ጓጓ። ነገሩ አስቀድሞ ወድቋል፤ እሱ ገብቶ ቢወድቅ የሚታዘበው የለም፤ ስለዚህ ያሰበውን ሁሉ ሊሞክርበት ይችላል። ያ ጨዋታ ዴመንስ ሶልስ ሆነ፤ ጃፓን ውስጥ በየካቲት 2009 ወጣ።

አጀማመሩም ደስ የሚል አልነበረም። ቶኪዮ ጌም ሾው ላይ ሲታይ የሞከሩት ሰዎች ፊት ነሱት። የጨዋታው አሳታሚ ከነበረው ከሶኒ ትልልቅ ኃላፊዎች አንዱ የነበሩት ሹሄ ዮሺዳ ለሁለት ሰዓት ያህል ተጫውተው አልወደዱትም። ሶኒም ከእስያ ውጭ ሳያሳትመው ቀረ። ሰሜን አሜሪካ ላይ ያወጣው አትለስ የተባለ ሌላ አሳታሚ ነው። ዮሺዳ ስህተት እንደነበር በኋላ ራሳቸው ተናግረዋል። ጨዋታው ቀስ እያለ በሰው አፍ ተሰማ። በ2011 ዳርክ ሶልስ መጣ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን አንተም ታውቀዋለህ። በ2014 ፕሬዚዳንት ሆነ። በ2015 ብለድቦርን፣ በ2019 ሴኪሮ ወጣ። ኤልደን ሪንግ የካቲት 2022 ላይ ወጥቶ በአንድ ወር ገደማ ከ13 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጠ።

አሁን ወደ 300 ገጽህ ልምጣ። ልብህ ያለው እዚያ ነው፤ ስለዚህ ረጋ ብዬ ላስረዳ።

ሚያዛኪ ራሱ የተናገራት አንዲት የበረዶ ታሪክ አለች። ከባድ በረዶ ወርዷል። መኪናው ዳገት ላይ ቆመችበትና መንሸራተት ጀመረች። ከኋላው ያለውም ተያዘ። ከእሱ ኋላ ያለው መኪና ደግሞ የፊቱን በመከላከያው ገጨት አድርጎ ሽቅብ ይገፋው ጀመር። ሁሉም አንዴ ገባቸው፤ አንዱ አንዱን እየገፋ ከወጣ ሁሉም ቤቱ ይገባል። ተራው ሲደርስ እሱንም ገፉት፤ ወጣ። ግን ቆሞ ማመስገን አልቻለም። ከቆመ መልሶ ይያዛል። ቤቱ እስኪደርስ አንድ ነገር ከሐሳቡ አልጠፋም፦ የመጨረሻውን መኪናስ ማን ገፋው?

አንተ ይህን ታሪክ ብታገኝ ምን ታደርግ ነበር? ሳትጽፈው አትቀርም። አንድ ምዕራፍ ይወጣዋል፤ በረዶው፣ ሹፌሮቹ፣ ጭንቀቱ፣ መጨረሻ ላይ ጥያቄው። ጥሩ ምዕራፍ ይሆናል። ሚያዛኪ ግን ስለ በረዶ አንድ መስመር አልጻፈም። ሕግ አደረገው። ሶልስ ጨዋታዎች ውስጥ አጠገብህ የማታውቀው ሰው እንደ ጥላ ይመጣል። አብሮህ ይዋጋል። አውሬው እንደወደቀ ይጠፋል። ስሙን ብታይ እንጂ ማን እንደሆነ አታውቅም፤ በጨዋታው ውስጥ ልታናግረው አትችልም፤ እጅ ከማንሳት ያለፈ ምስጋና የለም። መሬት ላይ ሌላ ሰው ትቶት የሄደ አጭር መልእክት ታገኛለህ፤ «ወደፊት አድፋጭ አለ» ይልሃል። ማን እንደጻፈው አታውቅም። ያ በረዷማ ዳገት ይኸው ነው። ጨዋታውን የጨረሰ ሰው ሁሉ የገፋውን ሰው ሳያመሰግን ቤቱ ገብቷል።

የጌም ጸሐፊ ዕቃው ይህ ነው። ቃል ከዕቃዎቹ አንዱ ነው፤ ትልቁ ግን አይደለም። ሕግ፣ ቦታ፣ ዕቃ፣ ዝምታ ከቃሉ ይቀድማሉ።

ቃሉንም ቢሆን እንዴት እንደሚጠቀምበት አስብ። የእሱ ጨዋታዎች ታሪካቸውን በብዛት የሚናገሩት በቁሳቁስ መግለጫ ነው። ቀለበት ታነሳለህ፤ ሦስት አራት መስመር ተጽፎበታል። ስለ አንድ ንጉሥ ሲሶውን ይነግርሃል። ሌላ ሲሶ ከአንድ ሬሳ ኪስ ታገኛለህ። የቀረው የለም፤ አንተ ትሞላዋለህ። ያ ሺዙኦካ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ያልገባውን ገጽ በሥዕል ሲሞላ የነበረው ልጅ፣ አድጎ ሁላችንንም በዚያ ወንበር ላይ አስቀመጠን።

ምሳሌ ልስጥህ፤ የራሴ ነው። «የእልፍኝ ቁልፍ። ከውጭ ብቻ ይቆልፋል። እጀታው ላይ የልጅ ጥርስ ምልክት አለ።» ሦስት አጭር መስመር ነው። ማን ቆለፈ? ማን ላይ ቆለፈ? ከውጭ ብቻ የሚቆልፍ ከሆነ ቁልፉ ልጁ እጅ እንዴት ገባ? ይህንን በ20 ገጽ ብትተርክልኝ መልሱን ታውቅልኛለህ፤ እኔ ደግሞ ጥያቄዬን አጣለሁ።

ስለ ኤልደን ሪንግም አንድ የተለመደ ስህተት አለ። «ታሪኩን የጻፈው የጌም ኦፍ ትሮንስ ደራሲ ጆርጅ አር. አር. ማርቲን ነው» ይባላል። ማርቲን የጻፈው ከጨዋታው ዘመን እጅግ ቀድሞ የሆነውን ጥንተ ታሪክ ነው፤ ነገሥታቱን፣ ዝምድናቸውን፣ ጠባቸውን። በጨዋታው ውስጥ የምታነበው ጽሑፍ የሚያዛኪና የቡድኑ ነው። ዳይሬክተሩም እሱ ብቻ አይደለም፤ ዩዊ ታኒሙራ አብሮት ነበር። በ2014 የወጣውን ዳርክ ሶልስ 2ን ደግሞ ሌሎች ናቸው የመሩት፤ ታኒሙራ አንዱ ነው። «ዳይሬክተርና ጸሐፊ» የሚለው ማዕረግ አንድ ሰው ብቻውን ክፍል ዘግቶ የሠራው ሥራ እንዳይመስልህ።

«እሱ ልዩ ሰው ነው፤ ሌሎች በጽሑፍ ገብተው ይሆናል» ብትለኝ፣ ሁለት ሰው ልጨምርልህ። ሂዴዎ ኮጂማ ኢኮኖሚክስ ተምሮ በ1986 ኮናሚ የተባለ የጌም ድርጅት ገባ። ሲኒማ ነበር የሚወደው። በ1987 ሜታል ጊርን ሲሠራ የጦርነት ጨዋታ ሥራ ተባለ። የተሰጠው ኤምኤስኤክስ 2 የተባለ ኮምፒውተር ግን ብዙ ጠላትና ብዙ ጥይት በአንድ ጊዜ ማሳየት አይችልም ነበር። ስለዚህ ከመዋጋት ይልቅ መደበቅ የሚበልጥበት ጨዋታ አደረገው። ዓለም የወደደለት ጀግና የተወለደው ከማሽኑ ድካም ነው።

ዩጂ ሆሪይ ደግሞ በእርግጥም ጸሐፊ ነበር፤ ለመጽሔት እየጻፈ የሚኖር ሰው። ወደ ጌም የገባው ግን ጽሑፍ ልኮ አይደለም። ራሱ ፕሮግራም የጻፈለትን የቴኒስ ጨዋታ ኤኒክስ የተባለው ድርጅት ላዘጋጀው ውድድር አስገብቶ ነው። በ1986 ድራጎን ክዌስትን አወጣ። የዚያ ጨዋታ ካርትሪጅ በጠቅላላ 64 ኪሎባይት ነው፤ ሥዕሉ፣ ሙዚቃው፣ ካርታው፣ ንግግሩ ሁሉ ገብቶበት። በስልክህ የምታነሳው አንድ ፎቶ ከዚያ ብዙ እጥፍ ይበልጣል። እያንዳንዷ ቃል ቦታዋን በግድ ነበር የምታገኘው።

ስለዚህ ሁለተኛው ጥያቄህ ተመልሷል። የትኛውም ትልቅ ስቱዲዮ ሳይጠይቅ የተላከለትን ታሪክ አያነብም። ንቀት አይደለም። ነገ የሚያወጡት ጨዋታ ከአንተ ጽሑፍ ጋር በአጋጣሚ ቢመሳሰል ክስ ይመጣል ብለው ይፈራሉ፤ ሳይከፍቱ መመለስ ወይም ማጥፋት ይቀላቸዋል። ለትርጉም የምታወጣውን ብር አስቀምጠው። 300 ገጹን ግን አትጣለው። እሱ የማርቲን ጥንተ ታሪክ ዓይነት ነው፤ አንተ ታውቀዋለህ፣ ተጫዋቹ ቁርጥራጩን ብቻ ያገኛል። ዓለሙን አስቀድሞ መጻፍህ ትልቅ ሥራ ነው። ተጫዋቹ ይህን ሁሉ እንዲያነብልህ አትጠብቅ እንጂ።

ጃፓንን በተመለከተ ቁርጡን ልንገርህ። እዚያ ለእንዲህ ያለ ሥራ ቪዛ ለማግኘት ብዙውን ጊዜ ዲግሪ ወይም የ10 ዓመት ልምድ ይጠየቃል። ዲግሪ አለህ፤ ጥሩ ነው። ትልቁ ግድግዳ ቋንቋ ነው። ፕላነር ቀኑን ሙሉ በጃፓንኛ የሚጽፍና የሚከራከር ሰው ነው። ከ5ቱ የጃፓንኛ ፈተና ደረጃዎች ቢያንስ ሁለተኛው ከባድ የሆነው ኤን 2፣ ብዙ ጊዜም ከሁሉም የከበደው ኤን 1 ይፈለጋል። ከዜሮ ተነስቶ እዚያ መድረስ ዓመታት ይወስዳል። ትልልቆቹ ድርጅቶች አዲስ ሠራተኛ በብዛት የሚወስዱት ደግሞ ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣ፣ በየሚያዝያው ነው። ከዚያ ውጭ የሚገባው የሠራውን እያሳየ ነው የሚገባው።

የግል የጌም ትምህርት ቤቶች አሉ። ክፍያቸው በዓመት ከ1 ሚሊዮን የን ማለፉ የተለመደ ነው፤ ኑሮው ሳይጨመር። ሜክስት የሚባለው የጃፓን መንግሥት ስኮላርሺፕ ግን አለ፤ ማመልከቻው አዲስ አበባ ባለው የጃፓን ኤምባሲ በኩል ይገባል። የመጀመሪያ ዲግሪና የሙያ ኮሌጅ ዘርፎቹ ከ25 ዓመት በታች ለሆኑ ናቸው፤ አልፈሃል። የምርምር ተማሪ የሚባለው ዘርፍ ከ35 በታች ይቀበላል። ጊዜ አለህ። የኤምባሲውን ማስታወቂያ በየዓመቱ ራስህ አንብብ፤ ቅድመ ሁኔታው ሊቀየር ይችላል። ለማመልከት ክፍያ የለውም። «ጃፓን አስገባሃለሁ፣ ፎርሙን እኔ እሞላልሃለሁ» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅህ ደላላ ካለ ስልኩን ዝጋ።

ደመወዙንም በልክ እየው። ፍሮም ሶፍትዌር ከ2025 ጀምሮ ለአዲስ ተመራቂ የሚከፍለውን መነሻ ከ260,000 ወደ 300,000 የን በወር አሳድጓል። ይህ ከዓለም ገናና ጨዋታዎች አንዱን የሠራው ድርጅት መነሻ ነው። ቶኪዮ ላይ ያኖራል፤ ቤተሰብ ለመደጎም ግን ብዙ አይተርፍም። እንደ ሚያዛኪ እህት የሚጠብቅህ ሰው ቤትህ ካለ ይህን ሒሳብ አሁኑኑ ሥራው።

እንግዲህ ምን ታድርግ? እኔ የምመክርህ አንድ ነገር ነው። ባንክህ እየሠራህ፣ በ6 ወር ውስጥ 15 ደቂቃ የሚፈጅ አንድ ጨዋታ በአማርኛ ሠርተህ ጨርስ። ማስጀመርና ማጋመስ አይቆጠርም፤ ሌላ ሰው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚጫወተው መሆን አለበት።

የመጀመሪያውን ወር ትዋይን (Twine) በሚባለው ሶፍትዌር ሥራ። ነፃ ነው፤ ኮዲንግ ሳታውቅ ምርጫ ያለው ታሪክ ትሠራበታለህ። አላማው ስትጽፍ ከ«ከዚያስ?» ወደ «ተጫዋቹ እምቢ ቢልስ?» እንድትለምድ ነው። ከዚያ ጎዶት (Godot) ወደሚባለው የጌም መሥሪያ ሶፍትዌር እለፍ። እሱም ነፃ ነው። ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ አሮጌ ላፕቶፕ ላይም ለትንሽ ባለ ሁለት ገጽታ ጨዋታ አያስቸግርም። የራሱ ቀለል ያለ ቋንቋ አለው። ኤክሴል ላይ ፎርሙላ የጻፈ ሰው በሁለት ወር ውስጥ በርና ቁልፍ መሥራት ይችላል። ኮዲንግ አልችልም ያልከውን አልቀበልህም። አልሞከርኩም በለው።

የአማርኛ ጽሑፍ እንዴት ይሆናል ብለህ አትጨነቅ። ፊደላችን ለዚህ የተመቸ ነው። እያንዳንዱ ፊደል፣ «ቋ»ም ሆነ «ሟ»፣ ለኮምፒውተሩ አንድ ምልክት ነው፤ ጽሑፉ አንድ በአንድ እየታየ እንዲመጣ ብታደርገው አይሰበርብህም። እንደ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ያለ ነፃ ፎንት ጨምርበት። ትንንሽ ስክሪን ላይ ፊደሉን ከላቲኑ ትንሽ አግዝፈው፤ አለዚያ «ጸ»ና «ጻ»ን መለየት ያስቸግራል። መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑ ባትሪ እንኳ ቢኖረው ሥራህን በየምሽቱ ሌላ ቦታ ቅዳው። ሳይቀዳ ቀርቶ የወራት ሥራውን በአንድ ሌሊት ያጣ ሰው አውቃለሁ፤ እንደገና አልጀመረም።

አንድ ክፍል፣ ሦስት ዕቃ፣ አንድ ሕግ። ከዚህ እንዳታልፍ። ሲያልቅ ኢች አይኦ (itch.io) የሚባለው የጌም ድረ ገጽ ላይ በነፃ ጫነው። ከዚያ ሁለተኛ ሥራ። በየዓመቱ ጥር ላይ ግሎባል ጌም ጃም የሚባል በጥቂት ቀን ጨዋታ ሠርቶ የመጨረስ ዝግጅት አለ፤ ግባበት፤ ፕሮግራመርና ሠዓሊ የምታገኘው እዚያ ነው። ሦስት ያለቀ ጨዋታ ስትይዝ ለሥራም፣ ለስኮላርሺፕም የምታሳየው ነገር አለህ። ባንኩን የምትለቀው የተፈረመ ውል ወይም የተፈቀደ ስኮላርሺፕ በእጅህ ሲገባ ነው። ከዚያ በፊት ሥራ መልቀቁ ጊዜ ይሰጠኛል ብለህ ታስብ ይሆናል። ቤት ኪራይ ሲደርስ ያ ጊዜ በሙሉ በሐሳብ ያልቃል፤ ጭንቅ ላይ ሆኖ ደግሞ ጨዋታ አይሠራም።

የዚህ ሳምንት ሥራህን ልስጥህ። ከ300 ገጽህ ውስጥ በጣም የምትወደውን አንድ ሰው ምረጥ። ሰውዬው ከሄደ በኋላ ክፍሉ ውስጥ የቀሩ ሦስት ዕቃዎች አስብ። ለእያንዳንዳቸው ከሦስት መስመር ያልበለጠ ጻፍ። ስሙን አትጥራ። ሦስት ብጣሽ ወረቀት ላይ ገልብጠህ ምሳ ሰዓት ላይ ጽሑፍህን አንብበው ለማያውቁ ሦስት ባልደረቦችህ ስጣቸው። ምንም አታስረዳ። «ማን ነበር? ምን ሆነ?» ብለህ ብቻ ጠይቅና አዳምጥ። ትከሻቸውን ነቅንቀው ወረቀቱን ከመለሱልህ እንደገና ጻፈው። ሦስቱ ሦስት የተለያየ ታሪክ ከነገሩህ፣ ከዚያም አንዳቸው ከሰዓት በኋላ ወደ ወንበርህ መጥተው «ግን ያ ቁልፍ የማን ነው?» ካሉህ፣ የዚያኑ ዕለት ማታ ትዋይንን ክፈት።